ንብ ያሳደዳት አውሮፕላን

ሰው ከሰው ይጣላል፤ ያለ ነው። ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ከሚስቱ ይጣላል፣ የባሰበት ደግሞ ከራሱ ይጣላል። እኔ ግን ከአልጋ እግር ጋር ተጣልቼ፣ ከዝንብ ጋር ተናንቄ፣ በመጨረሻ ከንብ ጋር በአንድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከቢቸና ሞጣ የገባሁ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ራሴ አሁን አሁን መሳቅ ጀምሬያለሁ።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ቢቸና ውስጥ ከአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ በዓል ሲደርስ ጥለት እገጥማለሁ። «ታዲያ ልብስ ሰፊን ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘን አንዲት ቃል ናት።

ልጄ ማስተዋል ያደገችው ሞጣ፣ ከአያቷ ዘንድ ነው። አያቷ ማለት የባለቤቴ የእናኑ እናት፣ የኔ አማት፣ እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው። እማሆይ ከመነኮሱም፣ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋም ቆይቷል። ጆሯቸው ግን አለ። የመሪጌታ ሚስት ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲዘረፍ ስለሰሙ፣ ቃል እጃቸው ከገባ እንደ ሽንኩርት ሳይልጡት አይለቁም። እንግዲህ ማስተዋል አዲስ አበባ ሄዳ ተምራ፣ ሥልጠናዋን ስትጨርስ ከሁሉ በፊት የደወለችው ለአያቷ ነው።

«እማሆይ፣ የበረራ አስተናጋጅ ሆንኩልዎ!» አለች።

እማሆይ ከዚያ ሁሉ ያነሷት አንዷን ቃል ነው፤ አስተናጋጅ። እሳቸው በሚያውቁት ሞጣ አስተናጋጅ ማለት መናኸሪያው አጠገብ ቢራ የምትከፍት ልጅ ናት። የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ እኔ ማንንም አልነቅፍም። እሳቸው ግን መነኩሴ ናቸው።

እናኑ ከቢቸና ደውላ «ኧረ እማሆይ፣ አውሮፕላን ውስጥ እኮ ነው!» ብላ ልታስረዳ ሞከረች።

«ታዲያ መጠጥ ቤት ሰማይ ላይ ቢወጣ መጠጥ ቤትነቱ ይቀራል? ይልቁንስ እዚያ የሰከረው ሰው በየት ወጥቶ ይሂድ?» አሏት።

ነገሩን ለማብረድ ማስተዋል ራሷ እንደገና ደወለች። እማሆይም «እንግዲያስ መጠጥ የለም በይኝ» አሏት። ይህቺ ልጅ መዋሸት አታውቅም፤ በማን እንደወጣች እንጃ። «ለሚጠይቅ ሰው ትንሽ ወይን... አለ፣ እማሆይ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በኛ አገር ያለ ምርቃት መንገድ አይጀመርም። የማስተዋል የመጀመሪያ በረራ እየቀረበ ነው፤ እሷ ደግሞ «እማሆይ ሳይመርቁኝ እግሬን አላነሳም፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ አባዬ» ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ። ያን ሁሉ ደክማ ተምራ! አንጀቴ ተላወሰ። ሲላወስ ደግሞ ሐሳብ መጣልኝ። የኔ ሐሳብ ሁልጊዜ የሚመጣው ከአንጀቴ ነው፤ ጭንቅላቴ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ስንቱ ጉድ በቀረልኝ!

እማሆይ የሚያዩት በእጃቸው ነው። ያኔ እናኑን ሳገባ ለእሳቸው ቀሚስ ሰፍቼ ነበር። ተቀብለው በስፌቱ ላይ ጣታቸውን ከትከሻ እስከ ጫፍ አንሸራተቱና ወገቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «አንቱ፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሐሳብዎ ሌላ ዘንድ ነበር» አሉኝ። አማትና አማች ነንና አንቱ ነው የምንባባለው። በአንቱታ ተሰድቦ የማያውቅ ሰው አማት አለኝ አይበል። ሕጋቸው ደግሞ አንዲት ናት፤ «ሥራው ሻካራ የሆነ ሰው ነገሩም ሻካራ ነው» ይላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለስላሳ ነገር ሠርቼ ላሳያቸው የማልመኝበት ቀን የለም።

እንግዲህ አውሮፕላን እሠራለሁ አልኩ። እንደ መስተዋት ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ አውሮፕላን! ክንፉን፣ ጅራቱን፣ አፍንጫውን በእጃቸው ሲዳስሱ ልጃቸው የምትውልበት የክብር ቦታ መሆኑን ያውቃሉ፤ ይመርቋታል። አለቀ።

አላለቀም። ለአካሉ የሚሆን ድቡልቡል እንጨት ጠፋ። ዞር ዞር ስል ዓይኔ የአልጋችን እግር ላይ አረፈ። ዋንዛ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ አንድ አልጋ ደግሞ ያን ሁሉ እግር ምን ያደርግለታል? እናኑ ከገበያ ስትመለስ አልጋው በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። «አንተ ሰውዬ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ እኛን ከአልጋ ልታወርደን ነው?» አለችኝ። ለክንፉ የጨርቅ መለኪያ እንጨቴን ቆረጥኩ። ቀለሙ ቢላቀቅ ቁጥሮቹ ዛሬም ከሥር አሉ።

በርና መስኮቶቹን በመርፌና በምላጭ ፈልፍዬ አሳመርኳቸው። ከዚያ ቀለም። ከበረንዳዬ አለፍ ብሎ የመኪና ቀለም የሚቀባ ጋሻው የሚባል ጎረምሳ አለ፤ ነጭ ቀለም ሰጠኝና «ጋሼ፣ ቀለም ትዕግሥት ነው» ብሎ መከረኝ። ትዕግሥት አለኝ፤ ትዕግሥት የሌለው የቢቸና አቧራ ነው። ቀባሁ፤ አንድ ባጃጅ አለፈ፤ አውሮፕላኗ ቡናማ ሆነች። በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ሞርጄ እንደገና ቀባሁ። አሁን አቧራ የለም፤ ዝንብ መጣች። ይህን ሁሉ ከተማ ትታ፣ ሥጋ ቤቱን ትታ፣ እርጥብ ቀለሜ ላይ አረፈች። ላባርራት ስል እግሯ ተጣበቀ፤ ላላቅቃት ስል የኔ አውራ ጣት ተጨመረ። ዝንቧ ሄደች፤ እግሮቿና የኔ አሻራ ቀሩ። እንደገና መሞረድ!

የተሰጠኝ ሥራ ተከመረ። አንድ ደንበኛዬ «ሱሪዬስ?» ብሎ ቢመጣ «ሱሪህ በረራ ላይ ነው» አልኩት። አልሳቀም። ሰውየው ሙሽራ ነበር።

በሞረድኩ ቁጥር ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ እሞላለሁ፤ ስቱኮ በሞላሁ ቁጥር እቀባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የፈለፈልኳቸው በርና መስኮቶች ሁሉ ተደፍነው ለጥ አሉ። ምን ቸገረኝ፤ በሰማያዊ ቀለም ከላይ ሳልኳቸው። ዓይናቸው ለማያይ ሰው መስኮት በቀለም መሳሌን ያኔ ልብ አላልኩም። ዝም በሉ፤ እናንተም አላላችሁም።

ለስላሳነቱ መጣ፤ ማብለጭለጩ ግን እምቢ አለ። አንድ ቀን ኔትወርክ ብቅ ሲል እንደኔው የእንጨት አውሮፕላን የሚሠራ አንድ ፈረንጅ በስልኬ አየሁ፤ የሱ አውሮፕላን ሰው ፊቱን ይላጭበታል። የሚያወራው ስላልገባኝ ለማስተዋል ላክሁላት። ለማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። «ሲጨርስ ዋክስ ቀባው ነው የሚለው አባዬ፤ ሰም» አለችኝ። ሰም! ጎጃም ቁጭ ብሎ ሰም ፍለጋ በፈረንጅ መመከር፣ ዓባይ ዳር ተቀምጦ ውሃ ያለህ ማለት ነው!

በገበያው ቀን ከአንዲት ማር ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። «ለጧፍ ነው?» አለችኝ።

«ኸረ ለአውሮፕላን ነው።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችኝና «እግዜር ይማርህ» ብላ ከገዛሁት በላይ አንድ ድቡልቡል ሰም መረቀችልኝ። ሰሙ ማር ማር ይሸታል፤ ሲነኩት ያጣብቃል። ሰም መጀመሪያ ፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ከማሩ ተለይቶ ነው እንጂ እንዲሁ አይቀባም። ይህን የጎጃም ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን መዓዛው ደስ አለኝና «ይሄማ በረከት ነው» ብዬ ዘለልኩት።

ጨርቅ ላይ ያለ ሰም በካውያ ነው የሚቀልጠው፤ እንጨት ላይ ያለውስ ምን ልዩነት አለው? ካውያዬን አግዬ በግራ ክንፉ ላይ አሳረፍኩ። ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። እናኑ አይታ «በል እንግዲህ ወጥ ልሥራልህ» አለችኝ። እንደገና ሞረድኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ ካውያውን አቀዝቅዤ በዝግታ ሰሙን አለበስኳት። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሥራ የተረፈች የከፋይ ቁራጭ ነበረችኝ፤ በእሷ ወለወልኩ፣ ወለወልኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ወለወልኩ።

አበራች! በጊዮርጊስ ስም እምላለሁ፣ አበራች። አፍንጫዬ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስታላግጥብኝ የከረመችው እናኑ እንኳ መጥታ ሻሿን በክንፉ አስተካክላ ሄደች።

መንገድ ክፍት ነው ሲባል ማስተዋል ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል መጣች። አውሮፕላኗን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። በማግስቱ ሦስታችን ወደ ሞጣ ተሳፈርን። ማንም እንዳይነካብኝ ከሙሽራ ቬሎ በተረፈ ስስ ጨርቅ ሸፍኜ ጉልበቴ ላይ አድርጌያታለሁ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ኑግ አብቦ ቢጫ ለብሷል። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፤ ሰሙ ሞቀ፤ ሚኒባሱ ማር ማር ሸተተ። ተሳፋሪው ሁሉ አየሩን እያሸተተ «እንዴት ያለ አገር ነው!» ይላል። እኔ ሽፋኑን ጠበቅ አደረግሁ።

የመጀመሪያዋ ንብ ገባች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ገባች። አጠገቤ የተቀመጡ የሞጣ ነጋዴ ሐጂ «አትንኳት፣ ንብ ካልነኳት አትነካም» ብለው ሰውን አረጋጉ። ወዲያው ጆሯቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ወላሂ አልነካኋትም!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደንብ አላየሁም፤ አውሮፕላኗ ላይ ተደፍቼ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ «ማነው ቀፎ የጫነው?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ጣት ወደ እኔ ዞረ። ሰዉ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ፤ አውሮፕላኗን ከአንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ። ንቦቹ በቬሎው ላይ ሰፈሩ። አንዱ ተሳፋሪ ከሩቅ ሆኖ «እነሆ፣ በሰላም አረፈች!» አለ። ሰው በሙሉ ሳቀብኝ። ማስተዋል ግን አልሳቀችም፤ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። የበረራዋ ቀን ደርሷል።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መከራ ለማን ነው?» አሉኝ ሐጂ፣ ያበጠ ጆሯቸውን እያሹ። ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አወለቁ። «ለእናት ምርቃት ከሆነማ እኔም ቀምሼላታለሁ» ብለው ቀስ እያሉ ንቦቹን በኮታቸው ጫፍ አራገፉ፤ አውሮፕላኗን ጠቅልለው አቀፏት፤ እስከ ሞጣ ድረስ ለማንም አልሰጡም።

እማሆይ መደባቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጉልበት ሳምን። ማስተዋል ስትስማቸው ራሷን ዳሰሱ፤ እጃቸው ግን ቶሎ ተመለሰ። እኔ አውሮፕላኗን ከጭናቸው ላይ አኖርኩ። «እማሆይ፣ ልጅዎ የምትሠራበት ይሄ ነው። ይዩት» አልኩ።

እጃቸው ከመድረሱ በፊት አፍንጫቸው ደረሰ። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ማር ነው። አይደለም፣ የጠጅ ሰፈፍ ነው! ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጠጅ በአውሮፕላን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ! መጠጥ ቤት አይደለም ለማለት መጠጥ ቤቱን ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»

እናኑ አየችኝ። ያን አስተያየት ያገባ ሰው ያውቀዋል።

ደግነቱ እጃቸው ቀጠለ። ከአፍንጫው ተነሥተው በሆዱ ላይ እስከ ጅራቱ ጣታቸውን አንሸራተቱ። «ለስላሳ ነው» አሉ። እናንተ! ከሠርጌ ጀምሮ የጠበቅኋት ቃል! ልዘል ምንም አልቀረኝም። «ለስላሳ ነው። በሩስ የታለ?»

«በሩማ... ተስሏል፣ እማሆይ።»

«ለማን?»

ጣታቸው ወደ ጎኑ አለፈ።

«መስኮቱስ?»

«እሱም ተስሏል።»

«ልጄን በር በሌለው ነገር ልትሰዱብኝ ነው? ሰሙንስ በደንብ አድርገው ቀብተዋል፣ አንቱ። ወርቁ የታለ?» ብለው አውሮፕላኗን ወደ እኔ ገፉ።

ማስተዋል አጠገባቸው ተንበረከከች። አውሮፕላኗን ተቀበለችና፣ ያን ስንት የደከምኩበትን ገላ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫር አድርጋ ሸነተረችው።

«ኧረ አውሮፕላኔን!» ብዬ ጮኽኩ። የእናኑ ክርን ጎኔ ውስጥ ገባ።

ጥፍሯ የሰመጠው ሰሙ ያልተጣራ ስለሆነ ነው፤ ልስልስ ብሎ እንደ ሊጥ ተቀበላት። አራት መስመር ሠርታ የእማሆይን ጣት ወስዳ በላዩ አኖረች። «በሩ ይኸውና፣ እማሆይ። ሰው ሲገባ እዚህ ቆሜ እቀበላለሁ። ሁሉም ሲቀመጥ የምዘጋውም እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ቀበቶ መታጠቅ ያቃተውን አስታጥቃለሁ። የፈራ ካለ እጁን እይዛለሁ፤ የተራበ አበላለሁ። አያምጣውና እሳት ቢነሣ፣ ይህን በር ከፍቼ ሰው ሁሉ እስኪወጣ አልወጣም። እንዲያ ብለው ነው ያሠለጠኑን።»

«መጠጡስ?»

«ለሚጠይቅ እቀዳለሁ። አልዋሽዎትም።»

የእማሆይ ጣት በበሩ ዙሪያ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «አንቱ፣ በድግስ ላይ የሚያበላ፣ የሚቀዳ፣ ሰው ሁሉ እስኪጠግብ የማይቀመጥ ሰው ምን ይባላል?»

«አሳላፊ ይባላል።»

«ወንዝ ሲሞላ ሰውን እጁን ይዞ ወዲያ ማዶ የሚያሻግርስ?»

«እሱም... ያው አሳላፊ ነው።»

«ታዲያ አሳላፊ ሆነች ብትሉኝ ምን ነበረበት? አስተናጋጅ ብላችሁ ይህን ሁሉ ቀን እህል አስጠላችሁኝ!» አሉና በሁለት እጃቸው የማስተዋልን ራስ ያዙ። «አሳላፊ ያድርግሽ!»

«አሜን!»

«ክፉውን ሁሉ ያሳልፍልሽ!»

«አሜን!»

«የዘጋሽው በር በሰላም ይከፈት! የያዝሽው እጅ አይፍራ! ወጥተሽ አትቅሪብኝ!»

«አሜን!» አልን፤ እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «አሜን» የምትለው ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማው። ማስተዋልማ ከአያቷ ጭን ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች።

ምርቃት ደግሞ በምራቅ ነው የሚታተመው። «እትፍ! እትፍ!» በማስተዋል ራስ ላይ። ቀጥለው አውሮፕላኗን አነሡና፣ አፍንጫዋን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «እትፍ! እትፍ! እትፍ!»

እጄ ከእኔ ሳይማከር ኪሴ ገብቶ የከፋይ ጨርቄን አወጣ። ምን ላርግ፣ ልማድ ሆኖብኛል። እናኑ አየችኝ፤ እኔም እጄን አየሁት። ጨርቁን ወደ አውሮፕላኗ መውሰዱን ትቼ ዓይኔን ጠረግሁበት። ለካስ የቀለም ማቅጠኛ ቲነር የነካው ጨርቅ ነው! ዓይኔ ነደደ። «ዋይ!» ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ዕንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። እማሆይ ልቅሶዬን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው እየዳሰሱ ጉንጬን አገኙት፤ እርጥቡን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«አንቱ፣ ሥራዎ በርና መስኮት የለውም። ልብዎ ግን ለስላሳ ነው» አሉኝ።

ቲነር ነው ብዬ አልተናገርኩም። ቲነር ብቻ ነበር ብላችሁም እንዳታስቡ።

ማስተዋል ይኸው ትበራለች። አውሮፕላኗ ሞጣ፣ ከእማሆይ መደብ ራስጌ ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ላይ ምራቅ የነካው ቦታ ደብዝዟል፤ ሆዷ ላይ በር ተሸንትሯል፤ ጉንዳን ደግሞ ማሩን አሽትቶ በሰልፍ ይመጣባታል። ሄጄ ላራግፍላቸው ስል «ይተዉአቸው፣ ተሳፋሪ ናቸው» ይሉኛል። ጨርቅ ከኪሴ እንዳላወጣ ከተከለከልኩም ቆየሁ።

አንዳንድ ቀን ግን በሞጣ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ድምፁ ይሰማል። ያኔ ወሬያችን ይቋረጣል። እማሆይ አውሮፕላኗን ጭናቸው ላይ ያወጡና በአውራ ጣታቸው በሩን ፈልገው ዙሪያውን ይዳስሱታል። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ጣታቸውን አያነሡም።

«ዘግታዋለች» ይሉናል።